በቁሟ የተሰጠ ልብስ

ቤቴ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ልትለቂ ነው ወይ?» ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ገና መግባቴ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ከአዘዞ በሚመጣው መንገድ ዳር ባለው ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ሰሃን፣ ሁለት ብርጭቆ አለኝ፤ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ድሮ ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን የማነሳው ሌላውን ለመናገር ነው። እናቴ ሁለቱንም ዓይኗን ታክማ ቀሪ ዘመኗን ከእኔ ጋር ልትኖር እዚህ ቤት መጥታ ነበር። የታከመችው አንዱን ብቻ ነው፤ የቆየችውም አምስት ሳምንት ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሚኒማሊስት፣ ማለትም በጥቂት ዕቃ የሚኖር ሰው፣ የሆንኩት በፍልስፍና አይደለም። ባሌ ነው ያደረገኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል ገብቼ ባዮሎጂ ሳስተምር እሱ አይሱዙ ተከራይቶ ቤቱን ጭኖ ሄደ። ሶፋ፣ ቡፌ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አልጋ፣ የመጋረጃው ዘንግ ሳይቀር። ፍራሹን የተወልኝ መሃሉ ስለጎደጎደ ነው። ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤቴ ቡፌው በደረጃ ሲወርድ «ቀስ በሉ፣ መስታወቱ ይሰበራል» እያለች ስታግዛቸው እንደነበር ራሷ ነግራኛለች፤ ቤት የምንቀይር መስሏት ነው። እኔ አልተቀየምኳትም፤ ቡፌው በሰላም ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ለወራት ምንም አልገዛሁም። እልህ ይዞኝ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «እያየሁ ነው፣ የሚሆነኝን አጣሁ» እላለሁ። ወለል ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም የጎረቤት ራዲዮ በግድግዳው ገብቶ ባዶው ቤቴ ውስጥ ያስተጋባል። ታዲያ አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንግሊዝኛ የምታስተምር ወጣት ባልደረባዬ ስልኳን አቀረበችልኝ። አንድ ፈረንጅ ነጭ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ኩባያ፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት አንድ ዓይነት ካናቴራ አለው። ዕቃ ሲበዛ ኑሮ ይጠባል፣ ትዝታ ያለው ልብ ውስጥ እንጂ ዕቃ ውስጥ አይደለም እያለ ያስተምራል። «ይሄ እኮ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ የተጫነባት ሴት መሆኔ ቀረና ሚኒማሊስት ሆንኩ። ነውሬ የእንግሊዝኛ ስም አገኘ።

ሐሰት ላለመናገር፣ ጥሩ ጎን ነበረው። ቤቴን በአምስት ደቂቃ ጠርጌ እጨርሳለሁ። ቁልፍ ቢጠፋብኝ የሚጠፋበት ቦታ የለም። ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ሰባኪ ሆንኩ። ባልደረቦቼ ምንጣፍ ሊገዙ ሲያስቡ «ለምን አስፈለጋችሁ?» እላለሁ። ዕቁባቸው ሲወጣላቸው የምስራቹን እኔ እንዳልሰማ ይደብቁኝ ጀመር። የማርያም ማኅበር ተራዬ ሲደርስ ደግሞ አሥራ ሁለት ሴት የት ላስቀምጥ፣ በምን ላብላ? ከጎረቤት መዋስ ይቻል ነበር፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው። እኔ ግን አልዋስም ብዬ ከማኅበሩ ወጣሁ። «አኗኗሬ አይፈቅድልኝም» አልኳቸው። አንዷ ብቻ «ታመሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳው የውሃና የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ብቻ ሆነ።

እናቴ የመጣችው መኸር ከገባ በኋላ ነው። ከዳባት በላይ ካለው መንደራችን ወንድሜ ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ ላካት። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ለብሰዋል፤ ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ፊት አትለይም። መናኸሪያ ስቀበላት ሹፌሩ ሁለት ጆንያና አንድ የእንጨት ሳጥን አወረደልኝ። «የማን ነው?» አልኩ። «የእናትሽ ነዋ» አለኝ፣ ሞኝ እንዳየ ሰው። ሊስትሮ ለምኜ በባጃጅ አስጫንኩት።

ቤት ስትገባ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ዞረችው። መደብ ወይም አግዳሚ ፈልጋ ነው። አራቱንም ግድግዳ ጨርሳ በሩ ጋ ተመለሰች።

«ዕቃሽን የት አደረግሽው?» አለችኝ።

«ይሄው ነው እማዬ።»

«ሌባ ገባብሽ?»

«አይ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው።»

ከዚያ አስረዳኋት። ፈረንጁን፣ ኩባያውን፣ በትንሽ ነገር መኖር ነፃነት መሆኑን ሁሉ። እናቴ ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ስጨርስ «ሸጋ ነው» አለች። «እኛም ስናጣ እንዲህ ነበርን ልጄ። ስም እንዳለው ነው ያላወቅን።» ከዚያ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የተሰደብኩ መሰለኝ።

እውነቷን ነበር። ያደግኩበት ቤት ውስጥ አባቴ የነበረው አንድ በርኖስ ነው። በሱፍ የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ ካባ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በእሱ ነው፣ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ዳኝነትም። ብርድ ሲበረታ እኛ ልጆቹ ላይ ይጥለውና እሱ ኩርምት ብሎ ያድር ነበር። ማንም መጥቶ በቪዲዮ አልቀረጸውም። ፈረንጁ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ነገ ሱቅ ሄዶ የሚፈልገውን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው። እኛ አገር መንገድ ይዘጋል፣ ጨው ይጠፋል፣ መብራት ሄዶ ይቀራል። እናቴ ባዶ ጣሳ የማትጥለው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ የታየኝ ጆንያው ብቻ ነው።

ጆንያዎቹ ሲፈቱ የወጣውን ልቁጠርላችሁ። ሦስት ቀሚስ፣ ሁለት ጋቢ፣ ነጠላዎች፣ መቀነት፣ የበግ አጎዛ፣ የደረቀ ጌሾ፣ አሥራ አንድ ጣሳ፣ የተጠቀለለ ገመድ፣ ክዳን የሌለው ፔርሙስ። «ይሄ የተበሳ ጣሳ ምን ያደርጋል?» ስላት «አንዱ ቢበሳ ሌላ አለ፣ የተበሳውም አሸዋ ይይዛል» ትለኛለች። ሳጥኑ ውስጥ የአባቴ በርኖስ ነበር። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብል በልቶታል፣ የጭስና የበግ ጠረን አለው። ቤቴ በሁለት ቀን ያንን ጠረን ያዘ። መስኮት ብከፍትም አልወጣ አለ።

ሌላም ነገር መጣ፤ ሰው። ጎረቤቶቼ እናቴ መምጣቷን ሰምተው «እንኳን ደህና መጡ» ሊሉ ገቡ። ባሌ ከሄደ ወዲህ ደፌን ያልረገጡ ሴቶች ናቸው። መቀመጫ ሲጠፋ እናቴ «ጆንያው ላይ አረፍ በሉ፣ ልብስ ነው፣ አይቆረቁርም» አለቻቸው። ተቀመጡ። ቡፌዬን ያስወረደችው ጎረቤቴ እንኳ አጎዛው ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ስትስቅ ዋለች። እናቴ በማያይ ዓይኗ ወደ ድምፃቸው እየዞረች የእያንዳንዷን ልጆች ስም ያዘች። እኔ ያን የልጆች ስም አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ቤቴን የቀማችኝ መሰለኝ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የቀኝ ዓይኗን ሠራው። የግራው ከአራት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ቀጠሮ ሰጠን። ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ልንወጣ ስንል ሐኪሙ «አቧራና ጭስ እንዳይነካት ተጠንቀቂ» አለኝ። እኔ ከነገረኝ ምክር ሁሉ የያዝኩት ያቺን ቃል ብቻ ነው፤ የምፈልገውን ፈቃድ አገኘሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗ በፋሻ ሌላው በሞራ ተሸፍኖ፣ እኔ ጆንያዎቹን ወለል ላይ ገለበጥኳቸው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ፈረንጁ እንዳስተማረኝ «ይሄ ያስፈልጋል?» እላለሁ በልቤ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«እያጸዳሁ ነው እማዬ። አቧራው ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ሸጋ አደረግሽ» አለችኝ። «እኔ አላይ፣ ባየሽው አድርጊው።»

ከነገሩ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ባየሽው አድርጊው አለችኝ።

ጣሳዎቹን ጣልኩ። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ጋቢና አንድ ነጠላ አስቀረሁላት፤ አዲስ ብርድ ልብስም ገዛሁላት። የቀረውን ልብስ በሙሉ አጠብኩ። ልብስ መጣል ነውር ነው፣ መሸጥም አልወደድኩም፤ ለሚለብሰው ደሃ ይድረስ አልኩ። በፀሐይ አድርቄ፣ በሥርዓት አጥፌ፣ በነጭ አንሶላ ቋጠርኩት። በርኖሱን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ። የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሽ እችል ነበር። አውቅ ነበር። ትዝታ ዕቃ ውስጥ አይደለም ብዬ ነው የጨመርኩት።

ከዚያ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ፤ በሰፈሩ ያሉትን ችግረኞች ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«አባ፣ የእናቴን ልብስ አጥቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ሲመችዎ መጥተው ቢወስዱልኝ» አልኳቸው።

 ድምፃቸው ወረድ ብሎ «እሺ ልጄ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ» አሉኝ። የደከማቸው መሰለኝ።

እሑድ ረፈድ ሲል በሩ ተንኳኳ። ስከፍት መስቀላቸውንና ዳዊታቸውን ይዘው ቆመዋል። ሳልናገር ትከሻዬን ያዙኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ? መቼ ነው ያረፉት?»

 በእኛ ዘንድ የሰው ልብስ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በነጭ ተቋጥሮ ለንስሐ አባት የሚሰጠው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እኔም አውቀዋለሁ፤ አባቴ ሲሞት ልብሱን ያጠብኩት በዚሁ እጄ ነው። አንዲት ገበሬ የማትሠራውን ስህተት ዲግሪ ያለኝ ሴት ሠራሁት። ጥቅሉ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፣ ነጭ፣ ጥርት ያለ። እናቴ ከኋላዬ ወንበሯ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አለሁ አባ» አለች። «ይፍቱኝ።»

ቄሱ ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ ጥቅሉን፣ ከዚያ እኔን። ቀርበው መስቀሉን አሳለሟት።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ይቅር ይበሉኝ እናቴ፤ እኔ የመሰለኝ…»

«እርስዎ ምን ጥፋት አለብዎ፤ ተጠርተው ነው የመጡ» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ «እስቲ አምጪው» አለችኝ።

ጥቅሉን እግሯ ሥር አኖርኩት። ቋጠሮውን ፈትታ እየዳበሰች ልብሶቿን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ይቺ የጥምቀት ቀሚሴ። ይቺ ወንድምሽን ስድር የለበስኳት። ይህ ጋቢ እናቴ የፈተለችው። ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ ሰው ቤተሰቡን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅ ይመስላል። በርኖሱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«አባትሽ የሞተ ጊዜ ይህን ደብቄው ነበር» አለችኝ። «ሌላውን ልብሱን ሁሉ ለነፍስ አባቱ ሰጠሁ፤ ይህን ግን እጄ አልለቅ አለኝ። የሙት ልብስ መደበቅ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ተናዝዤው አላውቅም።» ወደ ቄሱ ዞረች። «ይኸው ወጣ። ይውሰዱት አባ።»

«አይሆንም» አሉ ቄሱ። «በሕይወት ያለ ሰው ልብስ እንዲህ ሆኖ አልወስድም። መልሰው ይልበሱት እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።»

«ልጄ ሰጥታለች። አንዴ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የተሰጠ አይመለስም» አለቻቸው። ቋጠሮውን መልሳ አሰረችው፤ ከእኔ አስተሳሰር የእሷ ይጠብቃል። ከዚያ «ስሜንም ይያዙልኝ» ብላ የክርስትና ስሟን ነገረቻቸው።

ከልብስ ጋር ስም የሚሰጠው የሞተ ሰው በጸሎት እንዲታሰብ ነው። ቄሱ ስሙን ደግመው ሳይጠሩ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥቅሉን ተሸክመው ሲወጡ በደረጃው ላይ ጎረቤቶቼ አይተዋቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ መጡ። እናቴ ራሷ ተቀበለቻቸው። «አልሞትሁም፤ ልብሴ ነው የቀደመኝ» አለቻቸው። ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፣ ወጡ። ዳግም አልመጡም፤ መጥተውስ ምን ላይ ይቀመጡ ነበር?

ይቅርታ ጠየቅኳት። እግሯ ላይ ወድቄ ጠየቅኳት። «ምን አደረግሽኝ ልጄ፣ ቤትሽን ነው ያጸዳሽ» አለችኝ። ፋሻው ሲነሳ ቀኝ ዓይኗ ጥርት ብሎ አየ። እዚያው ሐኪሙ ዘንድ የእኔን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከስንት ዓመት በኋላ ማየቷ ነው። ቤት ስንገባ ደግሞ ክፍሉን ዞር ብላ አየችና «ሰፊ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ለሁሉም ነገር ታስፈቅደኝ ጀመር። በዚህ ብርጭቆ ልጠጣ? እዚህ ጋ ልቀመጥ? ይህን ወንበር ላንሳው? እንዲህ የሚናገር ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ «ወንድምሽ ብቻውን እህሉን አይወቃውም፤ ሄጄ ልያቸው» አለች። ስትመጣ ሁለት ጆንያና ሳጥን ነበራት፤ ስትሄድ አንድ ፌስታል ይዛ ሄደች።

በርኖሱን ለማስመለስ ወደ ቄሱ ሄጄ ነበር። ቅጥር ግቢው ውስጥ ለሚኖሩ አንድ ሕመምተኛ አዛውንት እንደሰጧቸው ነገሩኝ። አየኋቸው። ዋርካ ሥር በርኖሱን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ልክክ ብሏቸዋል። ልለምናቸው ቀርቤ ነበር፤ ምጽዋት የምሰጥ መስሏቸው ገና ሳልናገር መረቁኝ። ዕድሜና ጤና ለእናትሽ አሉኝ። ተመለስኩ።

የግራ ዓይኗ ቀጠሮ ሲቀርብ እሷን ላመጣ ወደ መንደራችን ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ የሚቆርጥ ቀን ነበር። ወንድሜ አውድማ ነበር፤ እናቴ ደጃፉ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ከሩቅ አየችኝ፤ በአንድ ዓይን።

«ቀጠሮሽ ሐሙስ ነው እማዬ» አልኳት። «ዛሬ አብረን እንውረድ።»

«አንዱ ይበቃኛል» አለችኝ።

«እንዴት ይበቃሻል?»

«ይኸው ድንጋዩን ከምስሩ እለያለሁ። ሁለት ምን ያደርግልኛል? አንቺም በትንሽ መኖር ነፃነት ነው ብለሽ የለ።»

ፊቷን አየሁት፤ ተንኮል ፈለግኩበት። የለም። ለመጉዳት ብላ ቢሆን ኖሮ እታገላት ነበር። እሷ የተናገረችው አስባበት ነው፤ ከእኔ የተማረችውን ነው የመለሰችልኝ። ያም ሆኖ ለመንኳት። ሞራው ከቆየ ይደርቃል አልኳት። በአንድ ዓይን ደረጃና ገደል አይለይም አልኳት። አንዱ ቢጎዳ ሌላው መጠባበቂያ ይሆንሻል ስላት የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሰው ለምን ሁለት ነገር እንደሚያስቀምጥ ለእናቴ እያስረዳኋት ነበር። ልመናውን ተውኩት።

እሷም ሰፌዱን አስቀምጣ የወንድሜን ሚስት ተጣራች። «ምሳ አቅርቢላት፣ እንግዳ ናት፤ ማኪናው እንዳያመልጣት» አለቻት። በተወለድኩበት ቤት እንግዳ ተብዬ በላሁ። ከሁሉም በፊት ለእኔ ቀረበ፣ እናቴ ጉርሻም ሰጠችኝ፣ እስከ መንገዱም ሸኘችኝ። በግራዋ በኩል ብሄድ እንደማታየኝ ስላወቅኩ በቀኟ ሆንኩ።

ሐሙስ ጠዋት ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩና ወረፋዋን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገርኳቸው። የእሷን መስጠት እችልበታለሁ።